ባሕር ያላየች መርከብ

ካፒቴን ፋብሪ ሞቶ የተገኘው ግንባሩን ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ፣ ግራ እጁ መርከቧን፣ ቀኝ እጁ ብሩሿን እንደያዘ ነበር።

መርከቧ የክንድ ርዝመት ያላት የእንጨት አምሳያ ናት። ቁርጥራጯ በሳጥን ታሽጎ፣ ከነንድፉ፣ ከነሙጫው፣ ከነሸራው ከካፒቴኑ አገር ድረስ መጣ፤ ዓባይን በበቅሎ ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ገባ። ካፒቴኑ ከዘመቻ በተመለሰ ቁጥር ጫማውን ያወልቅና እዚያች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እንደ ጎድን አጥንት የጎበጡትን እንጨቶች አንድ ባንድ ያጋጥማል፤ ስንጥር የምታህለውን ሳንቃ በሙጫ ይለጥፋል፣ ይልጋል፣ ይቀባል። ቤት ሲያቃጥል የሰነበተ እጅ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቱ የሚያየውን ሁሉ ያስገርም ነበር። አሁን የቀራት የመሐለኛው ምሰሶ ገመድ ብቻ ነው።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ ነው። ጎጃም ሸፍቷል። ጣሊያን ከምሽጉ ወጣ ካለ በቃሬዛ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ካፒቴን በገዛ ክፍሉ፣ ዘብ ከደጁ ቆሞ፣ ጠብታ ደም ሳይፈስ ሞቶ ሲገኝ መርዝ ነው ያላለ ሰው አልነበረም።

ባሻ አካለ ወልድን ከቤቱ አጣድፈው አመጡት። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ፖሊስ ነበር፤ ሌባ አነፍንፎ በማግኘት ስሙ የተጠራ። ጣሊያንኛውን የለመደው እዚያው፣ ከጎረቤቱ ከአንድ ጣሊያን ግንበኛ ነው። አገሩ ሲገባ ይኸው ቋንቋ ጉድ ሠራው፤ ጣሊያኖቹ ሰሙና የፖሊስ ልብስ አለበሱት። እምቢ ሊል አፉን ሲከፍት የልጆቹ ረኀብ ቀደመው። ከዚያ ወዲህ ሰው በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን ያዞራል።

የምሽጉ አዛዥ ማጆር ቶስቲ ከሬሳው አጠገብ ቆሞ ጠበቀው።

«መርዝ ነው» አለ። «ሐኪማችን ከዘመቻው ጋር ወጥቷል፤ እሱን አልጠብቅም። ከሠፈሩ ሰባት ወንዶች አስይዣለሁ። እስከ ነገ እኩለ ቀን ድረስ ገዳዩን ካላመጣህ ይረሸናሉ።»

አካለ ወልድ ሲመጣ ሰባቱን ግቢው ውስጥ ዝናብ ላይ ተቀፍድደው አይቷቸዋል። አንደኛው ታላቅ ወንድሙ ፈንታ ነው። ለማጆሩ ግን ይህን አልነገረውም፤ ቢነግረው ወንድሙን ይበልጥ መያዣ እንደሚያደርገው ያውቃል።

ሬሳውን ቀና አደረገው። ጉንጩ የሞተ ሰው ጉንጭ አይመስልም፤ ከብርድ ገብቶ እሳት የሞቀ ሰው ይመስል ቀልቷል። ክፍሉ ጠባብ ነው። የመስኮቱ ስንጥቅ በሙሉ በጥጥ ተወትፏል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተጠጣ የኮኛክ ጠርሙስ አለ። ከጠረጴዛው ሥር የካፒቴኑ ድመት እንደ ክር ኳስ ተጠቅልላ ተኝታለች። በእግሩ ጫፍ ነካት። ደርቃለች።

«ጠርሙሱን ማን አመጣው?»

«ያ እስላሙ ነጋዴ» አለ ማጆሩ። «እሱንም አሥሬዋለሁ።»

*

አብዱልቃኒ ለመኮንኖቹ የሚመጣውን ዕቃ በበቅሎ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። የመርከቧንም ሳጥን ያመጣው እሱ ነበር። ካፒቴኑ በሰው ፊት በጥፊ እንደመታው ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ለምን መታህ?» ሲል ጠየቀው አካለ ወልድ።

«ሳጥኑ ዓባይ ላይ ርሶ፣ የመርከቧ ገመድ ሻግቶ ደረሰ። ወንዙን እኔ የሞላሁት ይመስል በጥፊ አጮለኝ።»

«ቂም ይዘሃል ታዲያ።»

«ይዣለሁ። ባልይዝ ሰው ነኝ? ግን ባሻ፣ ጠርሙሱ ታሽጎ መጥቶ ታሽጎ ገባ። የተሸከምሁት በቅሎዬ ላይ ነው፤ እኔስ ክዳኑን እንኳ በእጄ መንካት እጠየፋለሁ። ደግሞም ካፒቴኑ ከኮኛኩ ሳጥን የትኛውን ጠርሙስ እንደሚያነሣ በምን አውቄ ነው የምመርዘው? ማጆሩ ከዚያው ሳጥን ሲጠጣ ሰንብቶ የለም?»

አካለ ወልድ ነገሩን አመዛዘነው። ነገሩ እውነት ነው። ድመቷም አለች፤ ኮኛክ የምትጠጣ ድመት አይቶ አያውቅም። የካፒቴኑን እራት ደግሞ የተረፈውን ዘቦቹ በልተውታል፤ አንዳቸውም ሆዳቸውን አላሉም።

ለማጆሩ ይህን ሲያስረዳው ማጆሩ ሳቀበት። «ቃል ነው። ማስረጃ አምጣ።»

አካለ ወልድ ጠርሙሱን አነሣና ከአፉ ደገነው። ሲወርድ ጉሮሮው ተቃጠለ፤ ልጆቹ በዓይኑ ላይ መጡ፤ ግን አላቋረጠም። ጠርሙሱን ባዶውን አስቀመጠና እማጆሩ ፊት እንደ ተገተረ ጠበቀ። ምንም አልሆነም፤ ከስካሩ በቀር።

ማጆሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አየው። «ነጋዴውን ልቀቁት» አለ። «ሰባቱ ግን እንዳሉ ናቸው። ነጋዴው ካልሆነ ሌላ ሰው ነው።»

*

የካፒቴኑን ደጅ የሚጠብቀው የአስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ አለቃ ሹምባሽ ኃይለ ሚካኤል ነው፤ የሐማሴን ሰው፣ ግንባሩ ላይ የቆየ ጠባሳ ያለበት። አማርኛውም ጣሊያንኛውም የጠራ ነው። አካለ ወልድ ሲጠይቀው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ከመሸ በኋላ ማን ገባ?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይገባ እንዴት ይሞታል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ጠዋትስ መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«ማንጠግቦሽ። የቤት ሠራተኛይቱ። ቁርሱን ልታደርስ ገብታ ጮኸች።»

«ዓይኔን እያየህ ንገረኝ፣ ሹምባሽ።»

ሹምባሹ ቀና አለ። ዓይኑ ደም መስሏል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። «የማውቀውን ነገርሁህ» አለና ጠመንጃውን አንግቶ ሄደ።

አካለ ወልድ በልቡ ይህን ሰው ጠረጠረ። የሚደብቀው ነገር አለ። ዘብ ሆኖ ቢገድል ማን ያየዋል? እውነትም እሱ ይሁን ብሎ ተመኘ፤ የጣሊያንን ወታደር ለጣሊያን መስጠት ከባድ አልነበረም። ነገር ግን ምኞትና ማስረጃ አንድ አይደሉም። በምን ገደለው? ለሚለው መልስ አልነበረውም።

*

ከመምሸቱ በፊት እስረኞቹ ወደ ተዛወሩበት ጎተራ ገባ። ፈንታ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጧል፤ ጋቢው ርሶ ከገላው ተጣብቋል።

«አያ ፈንታ።»

«የማን አያ?» አለ ፈንታ። «እኔ ወንድም ነበረኝ፤ አዲስ አበባ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ።»

«ገዳዩን ካገኘሁ ትፈታላችሁ። የምታውቀው፣ የሰማኸው ነገር ካለ ንገረኝ።»

«ባውቅስ ላንተ ልነግር? ጣሊያን የገደለን ሰው አንገቱን ይዘህ ለጣሊያን ልታስረክብ! ስማኝ አንተ ልጅ፤ በዚያ ሰው ደም እንዳታወጣኝ። ወጥቼ የምገባበት ቤት የለኝም።»

ከወዲያኛው ጥግ አንድ ድረስ የሚባል ሽማግሌ ሸማኔ ተንጠራርቶ ተናገረ። «ፈንታ፣ ስለ ራስህ ተናገር። እኔ መሞት አልፈልግም። ባሻ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ የሆነውን ሰው ፈልገህ አምጣ። እኔ መኖር እፈልጋለሁ።» ከዚያ በተናገረው አፍሮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አካለ ወልድ ወጥቶ ጭቃው ላይ ቆመ። ገዳዩን ቢያገኝ ወንድሙ ይጠፋበታል፤ ባያገኝ ይሞትበታል።

*

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ካፒቴኑ ክፍል ተመለሰ። ሬሳውን አንሥተውታል፤ መርከቧ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀርታለች። ባሕር በሌለበት አገር ሸራዋን ዘርግታ ስትቆም ጅል ትመስላለች። ገመዶቿን ዳበሳቸው። እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ በሰም የታሹ የጥጥ ፈትሎች ናቸው፤ የሻገተውን ገመድ የተኩት። እንዲህ ያለ ፈትል የሚያወጣ እጅ በከተማው ብዙ የለም።

ከመርከቧ አጠገብ ጣሳ አለ፤ ውስጡ የቆዳ ሙጫ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ካፒቴኑ እስኪሞት ከእጁ ያልለቀቃት ብሩሽ ጫፏ ሙጫ እንደ ተነከረች ደርቃለች። አካለ ወልድ ጣሳውን እያገላበጠ ሲያይ አንድ ነገር ትዝ አለው። ይህ ሙጫ እሳት ካልነካው አይቀልጥም። ሰውዬው ሲሞት ሙጫው ቀልጦ ነበር።

እሳቱ የታለ?

ተንበርክኮ ወለሉን አየ። ከካፒቴኑ ወንበር ጎን ሳንቃው ላይ ክብ ሆኖ የጠቆረ የቃጠሎ ምልክት አለ፤ የከሰል ማንደጃ ሲቀመጥበት የከረመ ቦታ። ማንደጃው ግን የለም።

እየሮጠ ወጣ። ከማድ ቤቱ ኋላ ያለውን የአመድ ክምር በእጁ ማሰው። ከላይ ውሃ የተደፋበት ከሰል ተገኘ። አንዱን አንሥቶ ሰበረው፤ ዳር ዳሩ ተለብልቧል፣ መሐሉ ግን ጥቁር ነው። ሳይግም የገባ ከሰል! ጎጃም ውስጥ ከሰል ነጭ አመድ እስኪለብስ ደጅ ሳይነድ ቤት እንደማይገባ የማያውቅ ሴት የለችም። ሳይግም የገባ ከሰል በተዘጋ ቤት ሳይሰማ፣ ሳያስነጥስ፣ እንቅልፍ እያስመሰለ ይገድላል። የካፒቴኑ ጉንጭ፣ ድመቷ፣ በጥጥ የተወተፈው መስኮት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገሩ።

ሹምባሹን ከዘብ ቤቱ አገኘው። «ማንጠግቦሽ ትናንት ጠዋት ሳትጮህ በፊት ምን ይዛ ወጣች?»

ሹምባሹ ጠመንጃውን ከግድግዳው አስደገፈ። «ማንደጃ» አለ በመጨረሻ።

*

ማንጠግቦሽ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ትፈትላለች። ጠጉሯ የሸበተ፣ ጣቶቿ ግን የልጃገረድ ጣት የሚመስሉ ሴት ናት። ሲመጣባት አልተነሣችም።

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ከሰሉን አገኘሁት። መሐሉ ጥቁር ነው።»

«ጥቁር ነው።»

«ዝናብ ነበር። ደጅ ማቀጣጠል አልሆነልዎትም። አይደለም?» አካለ ወልድ አዎ ይበሉኝ እያለ በልቡ ይለምናት ነበር።

እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ያነደድሁ ሴት ነኝ። ዝናብ እሳቴን አጥፍቶብኝ አያውቅም።»

ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር ነገረችው። መንደሯ ከጉንደ ወይን ማዶ ነበረች። ጣሊያን ሲያቃጥላት እሷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች፤ አንድ ልጇ እንዳላማው በንዳድ ተይዞ ቤት ውስጥ ተኝቷል። ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ስትመለስ ቤቱ የለም። ረኀብ ወደ ከተማ ነዳትና ካፒቴኑ ቤት ተቀጠረች፤ ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር።

«ፈትሌን አይቶ የመርከቡን ገመድ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ሠራሁለት። ሳስረክበው እጄን ይዞ ‹ብራቫ›፣ ጎበዝ፣ ይለኛል። ብራቫ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «ኋላ ሹምባሹ ጠጥቶ እያለቀሰ መጣ። ‹እትዬ፣ ያቺን መንደር ያቃጠልናት እኛ ነን፤ አዛዣችንም እሱ ነበር› አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ገመድ ብቻ ፈተልሁለት። እሱን ስፈትል ነው ልቤ የቆረጠ።»

«መስኮቱንስ?»

«እሱ ራሱ ነው። ነፋስ ካፊያ እያመጣ ቀለሜን አበላሸብኝ ብሎ ጥጥ ጠየቀኝ፤ በገዛ እጁ ወተፈው። እኔ ከሰሉን አገባሁ።» አንገቷን ደፋች። «ሰዎቹን እንደሚይዙ ግን አላወቅሁም። በልጄ ሞት ሌላ እናት አስለቅሳለሁ ብዬ አላሰብሁም። ይህችን ፈትዬ ልሄድ ነበር፤ እኔ ነኝ ልላቸው።»

«እንደሱ አይበሉ! አስበሽ ገደልሽ ካሉ እርስዎን ይሰቅላሉ፤ ሰባቱንም ግብረ አበሮቿ ናቸው ብለው ይረሽናሉ። አደጋ ነው እላለሁ። እርስዎ ዝም ይበሉ።»

«ዝም አልልም» አለች ማንጠግቦሽ። «ለምን እንደሞተ ይስሙት። የልጄን ስም ይስሙት።»

*

ፀሐይ ከደመናው ኋላ ወደ እኩለ ቀን ስትጠጋ ማጆሩ ፊት ቆሙ። ማጆሩ ከወንበሩ፣ ማንጠግቦሽ ከፊቱ፣ አካለ ወልድ በመካከል፣ ሹምባሽ ኃይለ ሚካኤል ከበሩ። በግቢው ሰባቱን ወደ ግድግዳው ሲያሰልፏቸው ይሰማል።

አካለ ወልድ በጣሊያንኛ አስረዳ። ሙጫውን፣ የወለሉን ምልክት፣ ድመቷን፣ ጥጡን ነገረው፤ ከሰሉን ሰብሮ አሳየው። ማጆሩ ከሰሉን አገላብጦ አየ። «በእኛም አገር ክረምት ክረምት እንዲህ የሚሞት አለ» አለ ቀስ ብሎ። ፊቱ ላይ እፎይታ ታየ፤ ሽፍታ ምሽጌ ውስጥ ገብቶ መኮንን መረዘብኝ ብሎ ለበላዮቹ ከመጻፍ አደጋ ደረሰ ማለት እንደሚሻለው አካለ ወልድ ገምቶ ነበር። ግን ማጆሩ ወደ ሴትዮዋ ጠቆመ። «እሳቱን ያስገባችው እሷ ናት። እሷ ምን ትላለች?»

ማንጠግቦሽ ጥያቄውን ሳይተረጉሙላት ገባት። ደረቷን ነፋች።

«በላቸው፦ ገደልሁት። አውቄ ገደልሁት። ሳይግም ያገባሁት እንዲገድለው ነው። ልጄን በቁሙ አቃጠለብኝ፣ እኔም በእሳት ገደልሁት። የእንዳላማው ደም ነው። እንዳላማው!» ደረቷን መታች።

አካለ ወልድ ወደ ማጆሩ ዞረ። «ትላለች» አለ በጣሊያንኛ፣ «ዝናብ ነበር፤ ደጅ ማቀጣጠል አልቻልሁም። ከሰል ሰው እንደሚገድል የማላውቅ መሃይም ሴት ነኝ። ጌታዬ ደግ ነበር፣ ደረቴን እየደቃሁ አለቅስለታለሁ ትላለች።»

አካለ ወልድ ጀርባው ላይ የሹምባሹን ዓይን ተሰማው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው በር ላይ ቆሟል፤ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ከግድግዳው የሚሰለፉት ዘጠኝ ይሆናሉ።

ማጆሩ ዓይኑን አጠበበ። «እንዳላማው አለች። ሁለት ጊዜ። ምንድነው እሱ?»

አካለ ወልድ ፈጥኖ መለሰ። «የጻድቅ ስም ነው፣ ማጆር። የምትምልበት ጻድቅ ነው።»

«ሹምባሽ!» አለ ማጆሩ። «እንዲህ ያለ ጻድቅ አላችሁ?»

ሹምባሽ ኃይለ ሚካኤል ወደ ማንጠግቦሽ አየ። እሷም አየችው።

«አለ፣ ማጆር» አለ። «የተቃጠለ ሰማዕት ነው።»

ማጆሩ ከሰሉን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ሰዎቹን ፍቷቸው። ይህችን ግርፊያ ሰጥታችሁ ከከተማ አስወጡልኝ።»

*

ሰባቱ ሲፈቱ ሽማግሌው ሸማኔ ጭቃው ላይ ተደፍቶ መሬት ሳመ። ፈንታ በአካለ ወልድ አጠገብ ሲያልፍ ቆመ። «ማንን ሰጠሃቸው?» አለው። «ማንንም» አለ አካለ ወልድ። ፈንታ ፊቱን መረመረ፤ ሊያምነው ፈልጎ ማመን አቃተው። ጋቢውን ጠቅልሎ ሄደ።

ማንጠግቦሽን ገርፈው ሲለቋት አካለ ወልድ ከከተማው መውጫ ጠበቃት። ነጠላዋ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ቀልቷል። እንዳትወድቅ እጁን ሲዘረጋላት ገፋችው።

«ቃሌን በላኸው» አለች። «ቋንቋቸውን ባላውቅም ፊታቸውን አውቃለሁ። ማጆሩ ገዳይ እንዳየ ሰው አላየኝም፤ እንደ ጅል አየኝ። ባዶ እጄን ሰደድኸኝ።»

አካለ ወልድ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

ጥቂት ከተራመደች በኋላ ዞር አለች። «ስሙን ግን ጠርቶታል። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ እንዳላማው ብሎ ጠራው። ማነው ሲልህ ምን አልኸው?»

«ጻድቅ ነው አልሁት። እርስዎ የሚምሉበት ጻድቅ።»

ማንጠግቦሽ ዝናቡ ላይ ቆማ ቀረች። ሲቆይ እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ ብላ፣ በቤቷ ቃጠሎ ቀን ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። አካለ ወልድ የፖሊስ ኮፍያውን አውልቆ፣ እሷን ትቶ መሄድም፣ ወደ ከተማው መመለስም አቅቶት፣ አጠገቧ ቆመ።